ለራሴ ስሥል እጄ ይፈታል፤ ለስጦታ ስሠራ ግን ይታሰራል

ጥያቄ ከ«ሐረጎ ተመላላሽ» (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። በተለይ ስፌት፣ ጥልፍ፣ ዳንቴል፣ ሥዕል ወይም ደብተር በእጃችሁ የምትሠሩ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የምኖረው ደሴ ሳላይሽ ነው፤ የምሠራው ኮምቦልቻ፣ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሳስታርቅ እውላለሁ፤ ሁለት ዓምድ ካልገጠመልኝ ከወንበሬ አልነሣም። ማታ እራት ተበልቶ ልጄ ከተኛች በኋላ ግን አንድ ወፍራም ደብተር አወጣለሁ። እዚያ ውስጥ ምንም ነገር እንዲገጥም አይጠበቅብኝም። እሥላለሁ፣ እቀድዳለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እጽፋለሁ፣ የጻፍኩትን መልሼ በቀለም እሸፍነዋለሁ። የሻይ ቅጠል ማሸጊያ፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው የጣለው የጥለት ቁራጭ፣ ከልጄ የተረፈ ክራዮን፣ የደረቀ የጤና አዳም ቅንጣቢ፣ የመኪና ቲኬት፣ ሁሉም ቦታ አግኝቷል። አንድ ገጽ ላይ የቡና ሲኒ ያስቀረውን ክብ ሁሉ የጉጉት ዓይን አድርጌዋለሁ። ልጄ ያንን ገጽ ሳታይ አትተኛም።

ከሁሉ የምወደው ግን የሐረጎ ገጽ ነው። ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ቁልቁለት ነው፤ መንገዱን የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ግን ጠዋት ካፖርት ለብሼ ተሳፍሬ ቁልቁለቱን ወርደን ስንጨርስ ሹራቤንም አወልቃለሁ። ከሰኔ ጀምሮ ሐረጎ ላይ ያገኘሁትን ጉም በየዕለቱ በአንድ ጣት ስፋት መስመር እቀባለሁ። ወተትማ፣ አመድማ፣ ሰማያዊ የነካው፣ ፀሐይ ሰብራው የገባች ዕለት ደግሞ ቢጫ። መስመሮቹ እየተደረደሩ ሄደው ገጹ አሁን የነጠላ ጥለት መስሏል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። እንቁጣጣሽ ደርሷል። ለሦስት ሰዎች በእጄ የሠራሁትን መስጠት እፈልጋለሁ፤ ለአማቴ፣ በቅርቡ ለወለደችው ለወንድሜ ሚስት፣ እንዲሁም በሥራ ወደ ሠመራ ለምትዛወር ባልደረባዬ። ከባልደረባዬ ጋር በየቀኑ አንድ መኪና ነው የምንሳፈረው። ነገር ግን ንጹሕ ማኒላ ፊቴ ባስቀመጥኩ ቁጥር እጄ ይደርቃል። ማስመሪያ እፈልጋለሁ፤ በእርሳስ እነድፋለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እንደገና እነድፋለሁ። ሲያልቅ ንጹሕ ነው፣ የሚነቀፍበት ነገር የለም፣ ግን ሱቅ ውስጥ ከተደረደረው ካርድ አይለይም። በደብተሩ ላይ የምትጫወተዋ ሴት ስጦታ ሲባል የት እንደምትገባ አላውቅም። ጨዋታውን ሳላጣ ለሰው የሚሆን ነገር እንዴት ልሥራ?

ሁለተኛው ጉዳይ ይሉኝታ ነው። ታላቅ እህቴ «ለአማት በእጅ የተሠራ ወረቀት ይዘሽ ብትሄጂ እጇ አጥሮባት ነው ይሉሻል» አለችኝ። እውነት ነው? ሦስተኛው ደግሞ ክረምቱ። ደሴ ላይ በነሐሴ ምንም ነገር አይደርቅም፤ ወረቀቴ ይሸበሸባል፣ በዱቄት ሙጫ ያጣበቅኩትም መሽተት ይጀምራል። መላ ያላችሁ ንገሩኝ።


መልስ ከ«የወረቀት ሱቅ» (ደሴ፣ ፒያሳ)

እህቴ፣ አብሽሪ። እጅሽን የሚያስረው ንጹሑ ማኒላ ነው። ካርድ በሚያህል ቁራጭ ላይ ከጀመርሽ ገና ብሩሽ ሳታነሺ ጠርዙ ይቆጣጠርሻል፤ መሐሉ የት ነው፣ ጽሑፉ የት ይገባል፣ የአማቴ ስም ይበቃዋል ወይ ትያለሽ። ስለዚህ በካርድ አትጀምሪ። ሙሉውን ማኒላ፣ ሳይቆረጥ፣ ወለል ላይ አንጥፊው። በደብተርሽ ላይ የምታደርጊውን ሁሉ አድርጊበት፤ ሲኒውንም፣ ክራዮኑንም፣ የሻይ ቅጠል ማሸጊያውንም። ለማን እንደሚሆን አታስቢ፤ ልጅሽንም አስገቢያት። ከደረቀ በኋላ ከሌላ ወፍራም ወረቀት ላይ ካርድ የሚያህል መስኮት ቁረጪና ማኒላው ላይ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሺው። ስትሥዪ ያላየሽው ነገር በመስኮቱ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ሁለት ቀለም የተገናኙበት ጥግ፣ ግማሽ የጉጉት ዓይን፣ ቁልቁል የፈሰሰ ሰማያዊ። እሱን በእርሳስ ክበቢና ቁረጪ። ካርዱ ከጨዋታሽ መሐል ተቆርጦ ወጣ ማለት ነው። ከአንድ ማኒላ ብዙ ካርድ ይወጣል። የተረፈው ቀጭን ቁራጭ የመጽሐፍ ዕልባት ይሆናል፤ ከዚያ የተረፈውን በፖስታው ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፊው። ፖስታ ሲከፈት ውስጡ ባለቀለም ሆኖ ሲገኝ የሰው ፊት እንዴት እንደሚበራ ስለማውቅ ይህን አትተዪው።

የእንቁጣጣሽ ሥዕል የሚሠሩትን ወንዶች ልጆች ደግሞ ተመልከቻቸው። ነሐሴ ሲጋመስ ሱቄ ይመጣሉ፤ ወረቀት በቁጥር፣ ቀለም በድርድር ይገዛሉ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እዚያው ይጀምራሉ። አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ፣ እንደገና አበባ። የመጀመሪያዎቹ መልአኮች የተቆጡ ናቸው። እጃቸው እየሞቀ ሲሄድ ግን ክንፉ ይረዝማል፣ ዓይኑ ይሰፋል፣ መልአኩ ፈገግ ይላል። አንድ ሥዕል ብቻ ቢሠሩ ኖሮ እዚያ አይደርሱም ነበር። መስከረም 1 ጠዋት ደጅ እያንኳኩ ሲያድሉት ደግሞ አንዳቸውም አያፍሩም፤ የሚቀበላቸውም ሰው «እጁ አጥሮበት ነው» አይልም፣ መርቆ ሳንቲም ይሰጣል። ዛሬ ዛሬ የታተመ ሥዕል ገዝተው የሚዞሩ ልጆች መጥተዋል። እኔ ወረቀት ሻጭ ብሆንም የታተመውን አልወድም፤ ጣቱ ላይ ቀለም ያለበትን ልጅ ነው ቁሞ የማናግረው። ስለዚህ ለእህትሽ የምትመልሺው መልስ ከዚሁ ከደሴ መንደር አለልሽ፤ በዓሉ ራሱ በእጅ በተሠራ ወረቀት የሚከፈት በዓል ነው።

ስለ ወረቀቱ። የምትጠቀሚበት የፎቶ ኮፒ ወረቀት ከሆነ 80 ግራም ነው፤ አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ውሃ ሲነካው ቃጫው ያብጣል፣ የረጠበው ቦታ ካልረጠበው ጋር ስለማይስማማ ይሸበሸባል። ለውሃ ቀለም ተብሎ የሚሠራው ወረቀት 300 ግራም ድረስ የሚወፍረው ለዚህ ነው። እሱ እኛ ዘንድ ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። ያለሽን ወረቀት አጠንክሪው፤ ሁለት ገጽ በአናጢ ነጭ ኮላ አጣብቂ፣ ከዚያ በውሃ የሚቀጥን ነጭ የግድግዳ ቀለም ስስ አድርገሽ ቅቢው። ሠዓሊዎች ሸራቸውን በነጭ መደብ እንደሚያዘጋጁት ማለት ነው፤ ቀለሙን አይጠጣብሽም፣ ስትሳሳቺም በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጊዋለሽ። የተሸበሸበውን ደግሞ ጀርባውን እርጥብ ጨርቅ ነካ አድርጊለትና በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሐል ከመጽሐፍ ክምር ሥር አሳድሪው። ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳታስጠጊው፤ ጠርዙ ቀድሞ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይጠቀለላል። የዱቄት ሙጫውን ለበጋ አቆዪው። በዚህ እርጥበት ሻጋታ ያወጣል፤ እስከ ጥቅምት ድረስ በነጭ ኮላ ሥሪ፣ እሱንም ስስ አድርጊው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሐረጎው ገጽ የባልደረባሽ ነው። ሌላ ነገር አትሥሪላት። ያንን መንገድ አብራሽ ተመላልሳበታለች፣ እያንዳንዷን መስመር ከመኪናው መስኮት አይታዋለች። ሠመራ ላይ ሙቀት እንጂ ጉም አታገኝም። ደብተሩን ማጉደል ከከበደሽ ገጹን በሌላ ወረቀት ላይ ድገሚው፤ እኔ ግን ዋናውን ቆርጠሽ ብትሰጪያት እወዳለሁ። በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፊበት።


መልስ ከ«ጡረተኛዋ መምህርት» (ደሴ፣ ሆጤ)

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ስፌት ትሰፋ ነበር። አክርማውን እምብርት አድርጋ ስንደዶውን እየጠቀለለች፣ ወስፌዋን በምራቋ እያራሰች፣ ዝናብ ሲጥል ማድ ቤት በር ላይ ተቀምጣ። በእኛ አገር ሙሽራ መሶቧንና ሌማቷን ይዛ ስትገባ የእጇ ሙያ ምስክር ነበር፤ አማቶች አገላብጠው ያዩታል፣ ስፌቱ ጠበቅ ያለ መሆኑን በጥፍራቸው ይነኩታል። በእጅ የተሠራ ስጦታ የድህነት ምልክት ነው የሚለው ወሬ የመጣው በእኔ ዕድሜ ነው፣ ፕላስቲክ ሳህን የገባ ጊዜ። እህትሽ ክፉ አስባ አይደለም፤ ግን እኛን ወሎዬዎችን በፕላስቲክ ዘመን ብቻ አትለኪን በያት።

ስለ ጨዋታው የምነግርሽ ይህን ነው። እናቴ ንድፍ በወረቀት አታወጣም ነበር። አለላዋን በጎኗ ትደረድራለች፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ። ቀዩ ሳታስበው ካለቀባት «እንግዲህ ይህ ዙር ሐምራዊ ይሁን» ብላ ትቀጥላለች። ለእኔ የሰፋችልኝ ሙዳይ ክዳኑ ላይ በቀይ መሐል አንድ ዙር ሐምራዊ አለው። የእኔ መሆኑን የማውቀው በዚያች ዙር ነው። ስለዚህ ቀለም ሲያልቅብሽ ሌላ ልትገዢ አትሩጪ፤ በያዝሽው ቀጥዪ።

ሳይንስ አስተማሪ ነበርኩና ከልጅሽ ጋር የምትጫወቺበት አንድ ነገር ላሳይሽ። እርድ በጥቂት ውሃ በጥብጠሽ ነጭ ወረቀት ቅቢና ይድረቅ። ከዚያ ልጅሽ ጣቷን በሳሙና ውሃ ወይም በአመድ ውሃ ነክራ ትጻፍበት። ቢጫው ወረቀት ላይ ጽሑፉ ቀልቶ ይወጣል። እርድ አሲድ ሲነካው ቢጫ ነው፣ የሳሙናና የአመድ ዓይነት ነገር ሲነካው ይቀላል። ሎሚ ጠብ ስታደርጊበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። በክፍል ውስጥ ይህን ሳሳይ የኋላ ወንበር ልጆች ሁሉ ወደ ፊት ይመጡ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ካርድ የሚሆን መደብ ከዚህ የተሻለ የትም አታገኚም፤ ከአደይ አበባ ቀለም ጋር ይመሳሰላል። የእርድ ቀለም ፀሐይ ላይ ከተሰቀለ ግን ይጠፋል፤ ስለዚህ በደብተር ውስጥ ወይም በፖስታ ውስጥ ለሚቀመጥ እንጂ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል አይሁን። ለግድግዳው የቡና አተላ ውሃ ወይም የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ቀቅለሽ ተጠቀሚ፤ ቡናማው ከእርዱ ይበረታል።

አደይ አበባ ራሱን ልትለጥፊ ከፈለግሽ ለዘንድሮ እንቁጣጣሽ አይደርስልሽም። ሲፈነዳ ልጅሽን ይዘሽ ጦሳ ተራራ ግርጌ ውጪ፣ ጠዋት ሳይሆን ጤዛው ካለፈ በኋላ ልቀሚው። በጋዜጣ መሐል አድርገሽ ከባድ ነገር ጫኚበት፣ ጋዜጣውን በየሁለት ቀኑ ለውጪው። ለገና ካርድሽ ይደርሳል።

ለአራሷ ደብተር ስጫት። ካርድ ተነብቦ ይቀመጣል፤ ባዶ ደብተር ግን አብሯት ይኖራል። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ አንቺ ጀምሪላት፣ የሕፃኑን መዳፍ በእርሳስ ዙሪያውን ሥዪና ቀለም ቀቢው፣ የተወለደበትን ቀንና የዕለቱን አየር ጻፊ፤ ሌላውን ባዶ ተዪው። አራስ ቤት ቀኑ ረጅም ነው።


መልስ ከ«ቦርከና ዳር» (ኮምቦልቻ)

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ስለ አማት ብቻ ልናገር። ከላይ የጻፉት እናቴና እህቴ ያሉትን አከብራለሁ፤ ግን ወረቀት ብቻ ይዞ አማት ቤት መግባት እኔን አይዋጥልኝም። ነውሩ በእጅ መሠራቱ አይደለም፤ ባዶ እጅ መስሎ መታየቱ ነው። በዓል ነው፣ ቤቱ ሰው ይሞላል፣ ቡና ይፈላል። ስለዚህ ቡናውን ራሱን በእጅ ሥራሽ ውስጥ አስገቢው።

አቡጀዲ ግማሽ ሜትር ግዢ። አንድ ኪሎ ቡና የሚይዝ ከረጢት ስፊ፣ አፉ ላይ ክር የሚያልፍበት እጥፋት ተዪለት። ያ ጎረቤትሽ የሚጥለውን የጥለት ቁራጭ አፉ ዙሪያ ስፊበት። ፊቱ ላይ የምታደርጊው ሥዕል በግድግዳ ቀለም አይሁን፤ ሲታጠብ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። በጥልፍ ሥሪው፤ ከሐረጎሽ መስመር ሦስቱን በሦስት ዓይነት ክር ቀጥ አድርገሽ ብትሰፊ እንኳ ይበቃል። ከወረቀት በላይ የምመርጥበት ምክንያት ይህ ነው፤ ቡናው ሲያልቅ ከረጢቱ አይጣልም፣ ጤፍም ምስርም ይገባበታል፣ አማትሽ በየሳምንቱ እጇ ላይ ታገኘዋለች። ካርዱን ውስጡ ክተቺው፤ ቡናውን ስታፈስ ታገኘዋለች።

ሱቃችን ውስጥ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ጨርቅ ብዙ ነው፤ የትኛውም ልብስ ሰፊ ዘንድ ብትጠይቂ የሚከለክልሽ የለም።


መልስ ከ«የቦሩ ሜዳዋ»

እኔ የማጋራው አጭር ነው። አያቴ የመንዙማ ደብተር ነበራቸው። አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ነው የሚጽፉት፤ በሁለት ቀለም፣ ጥቁሩ ለግጥሙ፣ ቀዩ ለተቀባዩ። ኅዳጉ ላይ ግን ማንም ያላዘዛቸውን አበባና የወይን ሐረግ ይሥሉ ነበር። አንዳንዱ ገጽ ላይ ሐረጉ ግጥሙ ውስጥ ገብቶ ስንኙ ጠበብ ብሎ ይቀጥላል። ሲያነቡልን እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝግ ይላል።

ባለፈው ዒድ ለአክስቴ ከዚያ ደብተር አንዱን ገጽ በእጄ ገለበጥኩላት። የእኔ ሐረግ የእርሳቸውን አልመሰለም፤ እንዲመስልም አልፈለግሁም፣ ኅዳጉን እኔ በወደድኩት ቀለም ሞላሁት። አክስቴ ቡና አፍልታ ዱዓ በሚደረግበት ክፍል አስቀመጠችው። እህቴ፣ የምትሰጪው ሰው የሚወደውን ቃል ከመሐል አድርጊና ኅዳጉን ለጨዋታሽ ተዪው። ቃሉ ሥርዓት ይይዝልሻል፣ እጅሽ ዙሪያውን እንደ ልቡ ይሄዳል።


ከጠያቂዋ፣ «ሐረጎ ተመላላሽ»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማኒላውን ነገር ቅዳሜ ማታ ከልጄ ጋር ሞከርነው። እርዱንም ጨመርንበት። ልጄ ሳሙናውን በሙሉ መዳፏ አስነክታ ማኒላው ላይ ስታሳርፈው ቀይ እጅ ወጣ፤ ጮኸች፣ ባለቤቴ ምን ሆናችሁ ብሎ ከመኝታ ቤት መጣ፣ እሱም መዳፉን አሳረፈ። በማግሥቱ መስኮቱን ቆርጬ ሳንቀሳቅሰው የትኛውን እንደምተው ነው የቸገረኝ። ማስመሪያውን አልነካሁትም። ለአማቴ የልጅ ልጇና የልጇ መዳፍ የተገናኙበትን ቦታ ቆረጥኩላት፤ ወንድሜ ከኮምቦልቻ ባልከው መሠረት ከአንድ ኪሎ ቡና ጋር በአቡጀዲ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ጥልፉን ጀምሬዋለሁ።

ከ«የወረቀት ሱቅ» ጋር ግን በአንድ ነገር አልተስማማሁም። የሐረጎውን ገጽ አልቆርጠውም፤ ክረምቱ ገና አላለቀም፣ ገጹም አላለቀም። ለባልደረባዬ ከሰኔ እስከምትሄድበት ቀን ያለውን በሌላ ወረቀት ላይ እደግምላታለሁ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ እርሷ ራሷ መኪና ውስጥ የመጨረሻውን መስመር በእኔ ደብተር ላይ እንድትቀባ እፈልጋለሁ።

አሁን የቀረኝ የአራሷ ደብተር ነው። የሱቅ ደብተር ልግዛ ብል ሁሉም በሽቦ የተያዘ ወይም መሐሉ የማይዘረጋ ነው። አራስ በአንድ እጇ ልጅ ታቅፋ በሌላው የምትጽፍበት፣ ጠረጴዛ ላይ ጥሩ ተዘርግቶ የሚቀመጥ ደብተር በእጅ መጠረዝ ይቻላል?


መልስ ከ«የወረቀት ሱቅ»

ይቻላል። ገጹን ባለመቁረጥሽም ደስ ብሎኛል፤ የመጨረሻውን መስመር እርሷ ትቀባለች ያልሽው ከእኔ ሐሳብ ይበልጣል።

ተዘርግቶ የሚቀመጥ ደብተር ከፈለግሽ የብራና መጻሕፍቶቻችን የተጠረዙበትን ስፌት ተከተይ። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1280/81 የተሠራውን የአባ ኢየሱስ ሞአን ወንጌል ይዞ የቆየ ገዳም ነው። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ የዚያን መጽሐፍ ፎቶግራፍ ነው ያየሁት፤ ሌሎች የብራና መጻሕፍት ግን በቅርብ አይቻለሁ። ጥራዞቹ በጀርባ በኩል በሙጫ አይያዙም፤ እያንዳንዱ ጥራዝ ከቀደመው ጋር በክር ሰንሰለት ይያያዛል፣ መጽሐፉ ሲከፈት ጀርባው ስለሚታጠፍ ገጹ ተኝቶ ይዘረጋል። በሌላው ዓለም የሥዕል ማስታወሻ የሚሠሩ ሰዎች ዛሬ ይህን የግብፅና የኢትዮጵያ ስፌት እየተማሩ ነው። እኛ ዘንድ አገራችን ውስጥ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት አራት ወረቀት አንድ ላይ እጠፊ፤ አንዱ ጥራዝ እሱ ነው። ስድስት ያህል ጥራዝ ለመጀመሪያ ይበቃል። ከማጠፍሽ በፊት ወረቀቱን በሁለቱም አቅጣጫ ጎንበስ አድርገሽ ፈትኚው፤ ቃጫው በተኛበት አቅጣጫ ሲታጠፍ ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሰነጠቃል። የጥራዞቹን እጥፋት ደርድረሽ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቦታ አራት ነጥብ አድርጊ፣ በወስፌ ብሺው። ጠንካራ የጥጥ ክር ውሰጂና በጧፍ ላይ ጎትቺው፤ ሰሙ ሲይዘው አይተበተብም፣ ወረቀቱንም አይቆርጥም። ከመጀመሪያው ጥራዝ ውስጥ ጀምሪ፣ ክሩን ወደ ውጭ አውጪ። ከሁለተኛው ጥራዝ ጀምሮ ክሩ በወጣ ቁጥር በታችኛው ጥራዝ ስፌት ሥር አሳልፈሽ በዚያው በወጣበት ቀዳዳ መልሺው። እንዲህ እያልሽ ስትሄጂ ጀርባው ላይ ሰንሰለቱ ይታይሻል። ክሩን ወደ ታች ሳይሆን በእጥፋቱ አቅጣጫ ጎትቺው፣ አለበለዚያ ወረቀቱ ይቀደዳል።

ለሽፋኑ ሁለት ወፍራም ካርቶን አጣብቂና ከአቡጀዲው የተረፈሽን ጨርቅ አልብሺው። ኮላው ሲደርቅ ካርቶኑ ወደ አንድ በኩል እንዳይጎብጥ ውስጠኛውን ገጽም በወረቀት ሸፍኚለት፤ በዚህ አየር ሁለት ሌሊት ከክብደት ሥር ይቆይ። ያንን ቀይ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ከማኒላው ከተረፈሽ የውስጥ ሽፋኑን በእሱ አድርጊው።

ለጥራዙ የሚሆን ወረቀት ማተሚያ ቤቶች መጽሐፍ ሲከረክሙ ከሚያስቀሩት መሐል አለኝ፤ ጠበብ ያለ ነው፣ ግን ወፍራም ነው፣ ለአራስ እጅ የሚሆን መጠን ይወጣዋል። ከኮምቦልቻ ስትመለሺ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ብትደርሺ ክፍት ነኝ፤ ወስፌ ከሌለሽም አውስሻለሁ።